መኪናው የት ይቁም? እግረኛውስ በየት ይለፍ?

በምሥራቅ አዲስ አበባ ለሚገኙ አጥቢያ ጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



በእነዚህ ስብሰባዎች ስለ ድርቅ፣ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ወላጅ አልባ ሕፃናት ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ በየቀኑ ስለምንረግጠው ስለ መንገድ ዳር እንድንነጋገር ወድደናል። ምናልባት ከመካከላችን፣ «ይህ የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍል በዚህ ውስጥ ምን አገባው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን ከሚሄዱት ሰዎች እንጀምር።

የሚሄደው ማን ነው?

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ሃያ ሁለት፣ ከኢምፔሪያል እስከ ገርጂና ጃክሮስ፣ ከመገናኛ በጉርድ ሾላ አድርጎ እስከ ሲኤምሲ፣ ሰሚትና አያት ድረስ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት መንገዱን የሚሞላው እግረኛ ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር የሚፈጸም ነው። በታክሲና በአውቶቡስ የሚሄደውም ቢሆን ከቤቱ እስከ ፌርማታው፣ ከፌርማታውም እስከ ሥራው በእግሩ ይሄዳል። በቦሌ ሕንፃዎች ውስጥ የሚያጸዱት፣ በግንባታ ላይ ድንጋይና ሲሚንቶ የሚሸከሙት፣ በየቤቱ ልጅ የሚያሳድጉት፣ ደብተራቸውን በጀርባቸው አዝለው ትምህርት ቤት የሚሄዱት፣ ፕሮጀክቶቻችን የሚረዷቸው ልጆችና እናቶቻቸው ሁሉ ከዚህ ሕዝብ መካከል ናቸው።

በከተማችን በመኪና አደጋ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ይሞታል። ከሟቾቹ መካከል ከአሥሩ ሰባት ወይም ስምንት ያህሉ እግረኞች ናቸው። በዓለም ዙሪያም እ.ኤ.አ. በ2021 በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው ወደ 1.2 ሚሊዮን እንደሚጠጋ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ከሚገድሉ ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው አደጋ ነው። አንድ በሽታ ድሆችንና ልጆችን እየመረጠ ቢገድል የልማት ክፍላችን ዝም አይልም ነበር። ይህም ከዚያ አያንስም።

የቆመ መኪና እንዴት ይገድላል?

ስለ አደጋ ሲነሣ ሁላችን የምናስበው የሚሮጠውን መኪና ነው። የቆመው መኪና ግን ማንንም የማይነካ ይመስለናል። እስቲ ሥራውን አንድ በአንድ እንመልከት።

አንደኛ፣ ከመንገድ ያስወጣል። አንድ የቤት መኪና ወርዱ ወደ 1.8 ሜትር፣ ከመስተዋቱ ጋር ሁለት ሜትር ያህል ነው። ሁለት ሜትር ስፋት ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ሲወጣ ሌላ ቦታ አያስቀርም። ጎረምሳው ዘልሎ ያልፋል። ልጅ ያዘለች እናት፣ በምርኩዝ የሚሄዱ አባት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ወንድም ግን ወደ አስፋልቱ ከመውረድ በቀር ምርጫ የላቸውም። በክረምት ደግሞ ጎርፉ የመንገዱን ጠርዝ ስለሚይዘው፣ ውኃውን ለመሸሽ ከሚሮጠው መኪና ጋር እስኪነካኩ ድረስ ወደ መሐል ይገባሉ። ዐይነ ስውሩም በበትሩ የሚያውቀውን የእግረኛ መንገድ ተከትሎ ሲሄድ በድንገት ከብረት ጋር ይጋጫል።

ሁለተኛ፣ ይሸፍናል። ዜብራው አጠገብ ወይም መንታ መንገዱ ጥግ ላይ የቆመ መኪና እግረኛውን ከሾፌሩ ዐይን፣ መኪናውንም ከእግረኛው ዐይን ይጋርዳል። የስምንት ዓመት ልጅ ቁመት ከአንድ ላንድክሩዘር ኮፈን ብዙም አይበልጥም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ብቻ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በደረቅ አስፋልትና በጥሩ ፍሬን ሙሉ በሙሉ ለመቆም በጠቅላላው 28 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። በ30 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 13 ሜትር ያህል ይበቃዋል። ልጁ ከቆሙ መኪናዎች መካከል ብቅ ሲል በመካከላቸው ያለው ርቀት 15 ሜትር ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሾፌር ፍሬኑን ገና ሲይዝ ይደርስበታል፤ ሁለተኛው ከፊቱ ይቆማል። ሁለቱም ጥሩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ ያበላሻል። የእግረኛ መንገድ ንጣፍ የተሠራው የሰው ክብደት ሊሸከም ነው። መኪና ሲወጣበት ንጣፉ ይሰነጠቃል፤ የውኃ መውረጃው ክዳን ይሰበራል፤ ከዚያም በማታ ጉድጓድ ውስጥ የሚወድቀው ሌላ ሰው ነው።

የመኪና ባለቤቱም ችግር እውነተኛ ነው

ይህን ሁሉ ስንል መኪና ያለውን ሰው ልንኮንን አልተነሣንም። ብዙዎቻችሁ መኪና አላችሁ፤ የፕሮጀክቱ ሥራም ያለ መኪና አይሆንም። ባለሱቁ ደንበኛው የሚያቆምበት ከሌለ ገበያው ይቀንስበታል። ዱቄትና ዘይት የሚያራግፍ አይሱዙ አንድ ቦታ መቆም አለበት። ታማሚ እናቱን ክሊኒክ የሚያደርስ ልጅ ከበሩ ርቆ ሊያቆም አይችልም። ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ እስከ ማታ ተሳፋሪ የሚጠብቅ የታክሲ ሾፌርም የሚያርፍበት ያስፈልገዋል። በመንገድ ዳር ደረሰኝ እየቆረጡ ክፍያ የሚሰበስቡ፣ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችም አሉ፤ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ በእነርሱ ላይ ተንጠልጥሏል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል «ዞር በሉ» የሚል መፍትሔ ዕድሜ የለውም።

ሆኖም ሁለቱ ችግሮች እኩል ሚዛን ላይ የሚቀመጡ አይደሉም። ማቆሚያ ያጣ ሰው የሚከፍለው ጊዜና ገንዘብ ነው፤ መሄጃ ያጣ ሰው የሚከፍለው ሕይወቱን ነው። የግል መኪና ከቀንና ሌሊቱ 24 ሰዓት ውስጥ አብዛኛውን ቆሞ ያድራል፣ ይውላል። የሚይዘውም ቦታ ከ12 ካሬ ሜትር አያንስም። ያችው የእግረኛ መንገድ ክፍት ብትሆን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሺህ የሚበልጥ ሰው ያለ ሥጋት ያልፍባታል። እንግዲህ ክርክሩ መኪና ይኑር አይኑር የሚል ሳይሆን ጠባቧ ቦታ በመጀመሪያ ለማን ትሰጥ የሚል ነው።

ከተማችን እስካሁን የሞከረችው

ምሥራቅ አዲስ አበባ እንዲህ የሆነችው በአንድ ቀን አይደለም። በ1990ዎቹ የተሠራው ቀለበት መንገድ መኪናውን ሲያፈጥን የአንዱን ሰፈር ሰው ከሌላው ሰፈር ለየ፤ ማቋረጫው በድልድይ ስለሆነ ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው ተቸገረ። በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው ቀላል ባቡር ለብዙ ሰው ጥቅም ሰጥቷል፤ ነገር ግን ሐዲዱ መሐል መንገዱን ስለያዘ በሲኤምሲና በጉርድ ሾላ በኩል የሚሻገር ሰው ማቋረጫ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ማቋረጫው ላይ ደርሶ ደግሞ መኪና ቆሞበት ሲያገኘው ድካሙ እጥፍ ይሆናል።

በቦሌ ሕንፃዎች ሲሠሩ ምድር ቤታቸው ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ ፈቃድ የወጣላቸው ብዙ ናቸው። ከዚያ በኋላ ምድር ቤቱ መጋዘን፣ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ሆነ፤ መኪናውም ወደ ጎዳና ወጣ። ከ1990ዎቹ ማብቂያ አንስቶ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ደግሞ የታሰቡት አነስተኛ ገቢ ላለው ሕዝብ ስለነበረ ሰፊ የመኪና ቦታ አልተተወላቸውም። ዛሬ በሰሚትና በገርጂ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት የነበረው ግቢ በመኪና ተሞልቷል።

በ2009 ዓ.ም መገናኛ ላይ መኪናን በማሽን እያነሣ አንዱን በሌላው ላይ የሚያኖር የብረት ማቆሚያ ተመርቋል። ጥሩ ጅምር ነበር። ነገር ግን ማንኛውም ሰው እንደሚያውቀው፣ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው የመንገድ ዳር በነጻ ወይም በርካሽ እስከተገኘ ድረስ ሾፌር ወደ ሕንፃ ማቆሚያ መግባት አይወድም። ማቆሚያ መሥራትና መንገድ ዳርን ማስከበር አብረው ካልሄዱ አንዱ ሌላውን ያከሽፈዋል።

ለእግረኛው የተሠራም በጎ ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በአንዳንድ እሑዶች የተመረጡ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፈቱ። ለገሃር መጋጠሚያ ላይም ቀለምና የድንጋይ መከለያ ብቻ ተጠቅሞ የእግረኛውን ቦታ ማስፋት እንደሚቻል ታይቷል። በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ፣ ከዚያም በሲኤምሲ በኩል ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና ከጎዳናው የወጡ ማቆሚያዎችን አምጥቷል። በዚሁ ሥራ ምክንያት ከኖሩበት ሰፈር የተነሡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ በዚህ ዋጋ የተገኘ የእግረኛ መንገድ መልሶ የመኪና ማደሪያ ሊሆን አይገባውም። ሌላም መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። ከዋናው ጎዳና የተነሣ መኪና አይጠፋም፤ ወደ ውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን መንገዶች ይገባል። እነዚያ መንገዶች የእግረኛ መንገድ የላቸውም፤ የልጆች መጫወቻም እነርሱው ናቸው።

«የኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ ነገሩ ይቀላል» የሚሉም አሉ። መንግሥት ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ የኤሌክትሪክ መኪና በርግጥ በዝቷል። ጭስ የለውም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የሚይዘው ቦታ ግን ያው ነው። ድምፅ ስለሌለውም በጆሮው ለሚሄድ ዐይነ ስውር የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ከሌሎች ምን እንማር?

በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣ ሕግ መሠረት በከተማ መኪና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚያሳድርበት ቦታ እንዳለው ማረጋገጫ ማቅረብ አለበት። የቶኪዮ የሰፈር መንገዶች ጠባብ ሆነው ሳለ ልጆች ብቻቸውን ትምህርት ቤት የሚሄዱባቸው በመሆናቸው ይህ ሕግ የራሱ ድርሻ አለው።

በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሆቦከን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ሕዝብ ተጨናንቆ የሚኖርባት ናት። በመንታ መንገዶቿ ጥግና በማቋረጫዎች አጠገብ መኪና እንዳይቆም በአጥርና በአበባ መደብ ከለከለች፤ ፍጥነትንም ቀነሰች። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ከሰባት ዓመት በላይ በመንገዶቿ ላይ አንድም ሰው ሳይሞት ቆየች። ትልቅ ድልድይ አልሠራችም፤ ከማቋረጫው ወዲህና ወዲያ ጥቂት ሜትር ክፍት እንዲሆን አደረገች።

የካሊፎርኒያው መምህር ዶናልድ ሹፕም እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ቀላል ነገር አስተምሯል። የመንገድ ዳር ማቆሚያ ዋጋ በእያንዳንዱ መንገድ ላይ አንድ ሁለት ቦታ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ እስኪገኝ ድረስ ይስተካከል፤ የሚሰበሰበውም ገንዘብ ለዚያው ሰፈር መንገድ ይዋል ብሏል። ይህ ቢደረግ ደረሰኝ የሚቆርጡት ወጣቶቻችንም ሥራቸውን አያጡም፤ የሚጠብቁት ቦታ ግን የተፈቀደው ብቻ ይሆናል።

ከእነዚህ ትምህርቶች ተነሥተን እኛ የምናምንበትን ቅደም ተከተል እንዲህ እናስቀምጠዋለን። በመጀመሪያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ የእግረኛ መንገድና ክፍት ማቋረጫ ይጠበቅ። ቀጥሎ አውቶቡስና ታክሲ የሚጭንበት፣ አካል ጉዳተኛ የሚወርድበት፣ ዕቃ የሚራገፍበት ቦታ ይለይ። ከዚህ በኋላ የተረፈው በክፍያና በሰዓት ገደብ ለቆመ መኪና ይሰጥ። ቀኑን ሙሉ ለሚቆም መኪና የጎዳና ዳር ቦታው አይደለም፤ ግቢና ምድር ቤት አለለት።

የራሳችን ደጃፍ

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እሑድ ጠዋት በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚት ያሉ ጉባኤዎቻችንን ደጃፍ ተመልከቱ። አዳራሾቻችን አብዛኞቹ በመኖሪያ ሰፈር መካከል ናቸው። የመጀመሪያው ፕሮግራም ሳያልቅ የሁለተኛው ተሰብሳቢ ይደርሳል። መኪናው ከዚህና ከዚያ የእግረኛውን መንገድ ይይዛል፤ የጎረቤት በር ይዘጋል፤ አንዳንዴም ዜብራው ላይ ይቆማል። በዚያው ሰዓት መኪና የሌላቸው ምእመናን ልጆቻቸውን ይዘው መሐል መንገዱን እየሄዱ ወደ አምልኮ ይመጣሉ። ውስጥ ገብተን ስለ ባልንጀራ ፍቅር እንሰብካለን፤ ጎረቤቱ ግን አስቀድሞ ያነበበው ስብከት ደጃፉ ላይ የቆመውን ነው።

በዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው የጣራውን ዙሪያ እንዲከልል ታዟል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ሕጉ የወደቀውን ሰው፣ «ለምን አልተጠነቀቅህም?» ብሎ አይጠይቅም። ገና ማንም ሳይወድቅ የቤቱን ባለቤት ይጠይቃል። ዘሌዋውያን 19፥14ም በዐይነ ስውር ፊት መሰናክል ማኖርን ይከለክላል። ዛሬ በከተማችን ያ መሰናክል አራት ጎማ አለው። ሞት ከደረሰ በኋላ የምናዋጣው የእርዳታ ገንዘብና የምንተክለው የለቅሶ ድንኳን መልካም ነው። ከዚያ በፊት መከለያውን መሥራት ግን ግዴታችን ነው።

ምን እናድርግ?

ጉባኤዎችም ፕሮጀክቶችም ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ ሊጀምሩ የሚችሉትን እነሆ እናቀርባለን።

1. ቁጠሩ። በአንድ እሑድና በአንድ የሥራ ቀን ሁለት ወጣቶች በደጃፋችሁ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ይቁሙ። ስንት ሰው እንዳለፈ፣ ከእነርሱም ስንቱ በቆመ መኪና ምክንያት ወደ አስፋልቱ እንደወረደ፣ ልጅና ሽማግሌውን ለይተው ይጻፉ። ወረዳ ስትሄዱ ከልመና ይልቅ ቁጥር ይሰማላችኋል።

2. ስድስት ሜትር ክፈቱ። ከበራችሁ፣ ከዜብራውና ከመንገዱ ጥግ ወዲህና ወዲያ ስድስት ስድስት ሜትር ማንም እንዳያቆም ከራሳችሁ ምእመናን ጋር ተስማሙ። ሽማግሌዎችና አገልጋዮች ቀዳሚ ይሁኑ፤ የመጋቢው መኪና በእግረኛ መንገድ ላይ ከቆመ ማስታወቂያው ዋጋ የለውም።

3. ቦታ ተዋዋሉ። እሑድ ባዶ የሚሆን የትምህርት ቤት፣ የመሥሪያ ቤት ወይም የሕንፃ ግቢ በአቅራቢያችሁ አይጠፋም። በደብዳቤ ጠይቁ፤ ጥበቃውንም በአግባቡ ክፈሉት። አምስት ደቂቃ በእግር መሄድ ጤናም ነው። ከበሩ አጠገብ ያለው ቦታ ለአካል ጉዳተኞች፣ ለታመሙና ለአረጋውያን ይቀመጥ።

4. መኪናችሁን አካፍሉ። በየቤት ኅብረቱ ማን ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል። ሰሚት ያለ ባለመኪና ሁለትና ሦስት ሰው ይዞ ቢመጣ የመኪናው ቁጥር ይቀንሳል፤ ታክሲ ሲጠብቁ የሚረፍድባቸው እናቶችም በጊዜ ይደርሳሉ።

5. አስተናጋጅ አቁሙ። አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ሁለት አስተናጋጆች ልጆችንና አረጋውያንን ያሻግሩ። ሕግ ማስከበር ግን የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ስለሆነ ከሾፌር ጋር እንዳይጨቃጨቁ ይመከሩ። ክፍያ ከሚሰበስቡት የሰፈሩ ወጣቶች ጋርም ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ፤ መንገዱን ከማንም ይልቅ እነርሱ ያውቁታል።

6. የፕሮጀክት ሾፌሮች ምሳሌ ይሁኑ። መኪናችን የድርጅቱን ስም በበሩ ላይ ተጽፎ ይዞ ይዞራል። ስለዚህ በእግረኛ መንገድ ላይ እንዳይቆም፣ ዕቃ ሲራገፍ የተማሪዎች መግቢያና መውጫ ሰዓት እንዳይሆን፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ በጽሑፍ መመሪያ ይውጣ። የምንረዳቸው ልጆች ከቤታቸው እስከ ማዕከሉ የሚመጡበትን መንገድም ሠራተኞቻችን አንድ ጊዜ ከልጆቹ ጋር በእግራቸው ይሂዱት። በቢሮ ወንበር ላይ የማይታየው ብዙ ነው።

7. ለሚመለከተው አስታውቁ። ወረዳውና የከተማው የትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን የቀለም፣ የምልክትና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ጥያቄ ይቀበላሉ። ብቻችሁን ከመሄድ ከጎረቤት ትምህርት ቤት፣ ከመስጊዱ፣ ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያኑና ከዕድሩ ጋር ሆናችሁ ሂዱ። መንገዱ የሁላችን ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ ሥራ ምረቃም ሪባን መቁረጥም የለውም። ከመኪና ያመለጠ ልጅ ማምለጡን ስለማያውቅ መጥቶ አያመሰግነንም። በዓመቱ ሪፖርት ላይም ስሙን ልንጽፍ አንችልም። ነገር ግን በሚቀጥለው እሑድ ከየጉባኤያችን ደጃፍ ስድስት ሜትር ብቻ ብንለቅ፣ ልጇን ያዘለችው እናት አስፋልት ሳትረግጥ ታልፋለች። ሪፖርታችን ከዚያ ይጀምር፤ ማስታወቂያውንም የዛሬ ሳምንት በየጉባኤያችን እናንብበው።

እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።